የሦስተኛ ክፍል መምህርቷና ደወል ደዋዮቻቸው

ለሰነፍ ተማሪ የሚሰጠው ነገር ለጎበዙ ለምን ይከለከላል? የሟች ታናሽ ልጅ ይህን ጥያቄ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ በሆዷ ይዛው ኖራለች፤ አብራው አድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይዛው ሄዳ ይዛው ተመልሳለች፤ እናቷን መጠየቅ ግን ዘንድሮ በጠና እስኪታመሙ ድረስ አልደፈረችም። ቤተሰቡ የእናታቸውን የሕይወት ታሪክ እንድትጽፍ የመረጠው እሷን ስለሆነ፣ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለማይሆንላት፣ እሷ የጻፈችውን ለእናንተ ለሐዘንተኞች የሚያነብላችሁ የሟች ታናሽ ወንድም ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ በልደት መጀመር ነበረበት፤ ይህኛው በጥያቄ የጀመረው ጥያቄው ከሟች ሕይወትና ሥራ ተለይቶ ሊታይ ስላልቻለ ነው።

ሟች የተወለዱት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በሆስፒታል ውስጥ አንሶላ በማጠብ ይተዳደሩ ከነበሩት እናታቸው ሲሆን፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የቤቱ የፊት ክፍል የስፌት ቤት ነበር፤ በመንገዱ በኩል አንድ ሰፊ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ጎን ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚጣልበት ትልቅ ቅርጫት ነበረ፤ ሟችም ፊደል የቆጠሩት በዚያ ጨርቅ ላይ ተቀምጠው፣ የመኪናውን ድምፅ እየሰሙ ነው። አባታቸው ራሳቸው ማንበብ የሚችሉት በጭንቅ ስለነበር ልጃቸው እንድትማር ከምንም በላይ ይጓጉ ነበርና፣ አንድ ገጽ ሳትሳሳት ባነበበችላቸው ቁጥር የልብስ ቁልፍ ከሚያስቀምጡበት ቆርቆሮ አንዱን አውጥተው ይሰጧት ነበር። ሟች ቁልፎቹን በክር እየሰኩ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሰፈሩ ሲዞሩ፣ ዕንቁ ያሰረች እመቤት እንኳ እንደዚያ አትንጎራደድም ይባልላቸው ነበር። ታናሽ ወንድማቸው ያንን ሐብል ባየ ቁጥር ዓይኑ ይቀላ እንደነበር፣ አንድ ቀንም በአባቱ መቀስ ክሩን ቆርጦ ቁልፉን ሁሉ መሬት ላይ እንደዘረገፈው በቤተሰቡ ዘንድ እስከዛሬ እየተሳቀ ይወራል፤ ይህም ቅናት ለዚህ ቤት እንግዳ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንድታውቁት ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሟች ስለ መርከበኞች የሚያወራ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ከጎረቤት ተውሰው፣ ቅርጫታቸው ላይ እንደተቀመጡ ሲያነቡ ሲያነቡ፣ መንገዱ ሁሉ መብራት እስኪበራበት ድረስ ቁልፍ መጠየቁን ጨርሰው ረሱት። አባታቸው መርፌውን በከንፈራቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩአቸው፤ የቁልፉን ቆርቆሮ ከጠረጴዛው አንስተው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት፤ ከዚያም ወዲያ ቁልፍ አልሰጧቸውም፣ ሟችም አልጠየቁም። ዕድሜ ልካቸውን ላስተማሩበት ዘዴ መነሻው ያ ከሰዓት በኋላ እንደነበረ ሟች ደጋግመው ይናገሩ ነበር፤ ዘዴውም ልጁ በራሱ መፈለግ እስኪጀምር ድረስ የሚጓጓለትን ነገር መስጠት፣ መፈለግ የጀመረ ዕለት ደግሞ ሳያስቀይሙ ማንሳት ነበር።

ሁለተኛ ደረጃን በጥሩ ውጤት ካጠናቀቁ በኋላ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው ተመረቁና፣ ሥራ በጀመሩበት በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው ሦስተኛ ክፍል፣ ጡረታቸው አልፎ እንኳ እየተለመኑ እስኪታመሙ ድረስ አስተምረዋል። ወደ ላይኛው ክፍል እንዲዛወሩ፣ ምክትል ዳይሬክተር እንዲሆኑም በተደጋጋሚ ተጠይቀው እምቢ ያሉት፣ ልጅ ከትምህርት ጋር የሚፋቀረውም የሚኳረፈውም ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው ብለው ስለሚያምኑ ነበር።

ትዳራቸውም ከዚሁ ትምህርት ቤት የተገኘ ነው። በዳይሬክተሩ ቢሮ የተሰቀለው ሰዓት አንድ ቀን እየቀደመ አንድ ቀን እየዘገየ ተማሪውን ሁሉ ግራ ሲያጋባ፣ በመንገዱ ማዶ ሱቅ የነበራቸው ሰዓት ሠሪ ተጠርተው መጡ፤ ሰዓቱን ፈታተው አዩትና የሚያዋጣው መቅበር እንደሆነ ተናገሩ፤ እዚያው ቆመው የነበሩት የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት በሳቅ ፈነዱ። ሰዓት ሠሪው በዚያች ሳቅ ምክንያት በማግሥቱ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተሸክመው መጥተው፣ ለማንም ሳያስከፍሉ ግቢው መሃል ካለው ዛፍ ላይ አንጠልጥለው፣ መምቻ ብረት አበጅተውለት፣ የትምህርት ቤቱ ደወል አደረጉት። በዓመቱ ተጋቡ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ ሳይለያዩም እስከ መጨረሻው አብረው ኖሩ።

ያንን ደወል የሚደውለው ዘበኛው መሆን ሲገባው፣ ሟች ዳይሬክተሩን አስፈቅደው ለሦስተኛ ክፍል ወሰዱት። የሚደውሉት ግን እንደሌላው ትምህርት ቤት አንደኛ የወጡት አልነበሩም። ደብተር ረስቶ የሚመጣው፣ ጥቁር ሰሌዳ ሲያይ ሆዱን የሚያመው፣ የኋላ ወንበር ላይ ወረቀት እያኘከ የሚተፋው ነበር ደወል ደዋይ የሚሆነው፤ የዕለቱን ሥራ ከጨረሰ ብረቱ ይሰጠዋል፣ ካልጨረሰ ግን በዚያ ቀን ለሌላ ይተላለፋል። ግቢውን ሁሉ ጸጥ የሚያደርግ፣ ትልልቆቹን የስምንተኛ ክፍል ጎረምሶች ከኳሳቸው የሚነጥል ድምፅ ከገዛ እጁ ሲወጣ ያየ ልጅ፣ ለዚያች ብረት ሲል የማይሠራው ሥራ አልነበረም። ሥራው ደግሞ ውሎ አድሮ ብረቱን ያስረሳው ነበር። ደዋዩ አንድ ቀን መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ ሰዓቱ ካለፈበት፣ ሟች በዝግታ መጥተው ብረቱን ከጠረጴዛው ሥር ያነሱና ለሌላ ይሰጡታል። ጎን ባለው ክፍል ያስተምሩ የነበሩት መምህር በበኩላቸው ጥያቄ ለመለሰ ሁሉ ከረሜላ ያድሉ ነበር፤ ከረሜላው ባለቀበት ሳምንት እጁን የሚያወጣ ተማሪ አጥተው መጥተው ሲያማርሩ፣ ሟች ስህተቱ መስጠቱ ላይ ሳይሆን መቼ እንደሚያቆሙ አለማወቃቸው ላይ እንደሆነ በትሕትና ነገሯቸው፤ እኚያ መምህርም ለብዙ ጊዜ በደወሉ እየቀኑ ኖሩ።

ዘዴያቸው ያልሠራበት ጊዜ እንደነበር መደበቅ ሟችን አያስከብርም። ታላቅ ልጃቸው መጽሐፍ ባነበበ ቁጥር ሲኒማ ይወስዱት ነበር፤ እሱም ርዕሱንና የመጨረሻዋን ገጽ ብቻ እያነበበ ፊልሙን ሁሉ አየ፤ ሲኒማው ሲቆም ንባቡም አብሮ ቆመ። በኋላ ላይ ግን ጎረቤት የጣለውን የውሃ ፓምፕ በታትኖ፣ ማንም ሳያዘው የፓምፑን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ ደረሱበትና፣ ልጃቸው መጥፎ አንባቢ ሳይሆን እሳቸው መጥፎ መጽሐፍ መራጭ እንደነበሩ በሰው ፊት አመኑ። ዛሬ የራሱ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ታናሽ እህቱ ግን ሳይገፏት የምታነብ በመሆኗ ሲኒማ ቤቱን የምታውቀው ወንድሟ እየተረከላት ብቻ ነበር፤ ትረካውን ስትሰማም አንጀቷ እርር ይል ነበር።

ታናሽ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ የእናቷ ተማሪ ሆነች። በቤት እማዬ የምትላቸውን በክፍል ውስጥ ቲቸር ማለት ነበረባት። ፊት ለፊት፣ ከጠረጴዛቸው ሥር ተቀመጠች፤ የማታውቀው መልስ አልነበረም፤ እጇን ከማንም ቀድማ ታወጣለች፤ የእናቷ ዓይን ግን እንደ ባዶ ወንበር ያልፋታል። ጠመኔ የነካው እጃቸው የሌላውን ልጅ ሁሉ ጭንቅላት ሲዳብስ እሷ ቆጥራ አትዘልቀውም፤ ጎበዝ የሚለው ቃል ከአፋቸው ወጥቶ በጆሮዋ አጠገብ አልፎ ኋላ ወንበር ላይ ሲያርፍ ትሰማዋለች። ከሁሉ ያንገበገባት ግን ደወሉ ነው፤ አባቷ የሰቀሉት፣ እናቷ የሚያድሉት፣ ከቤቷ የወጣ ደወል ለሁሉ ሲደርስ ለሷ ብቻ አይደርስም።

በዚያ ዓመት ደወሉ ከሁሉ በላይ የተሰጣት ልጅ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ነበረች። ከንጋት በፊት እየተነሳች ዳቦ ስትደረድር ቆይታ ክፍል ገብታ ትተኛ ስለነበር፣ ተማሪው ሁሉ እንቅልፌ ይላት ነበር፤ አሁንም እዚህ በመካከላችሁ ተቀምጣ ሳለ በዚሁ ስሟ መጠራቱን ራሷ ፈቅዳለች። እንቅልፌ ደወሉን ለመደወል ስትል መንቃት ለመደች፤ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥር መደመር ለመደች፤ ሟችም ባዩአት ቁጥር ፊታቸው ይበራ ነበር። ታናሽ ልጃቸው ያንን ብርሃን ከፊት ወንበር ላይ ሆና ስታይ ምራቋ ይመራት ነበር። እንቅልፌ ደወሉን መትታ ስትመለስ ሆነ ብላ እግሯን መተላለፊያው ላይ የዘረጋችበትም ቀን አለ፤ እንቅልፌ ግን እግሯን ተሻግራ ሳታያት አለፈች፤ አለማየቷም ጨምሮ አናደዳት።

ከዚያ አንድ ቀን ደወል ሳይደወል ሰዓቱ አለፈ። እንቅልፌ መጽሐፏ ላይ አቀርቅራ፣ ዓይኗን ገጹ ላይ ተክላ፣ ንቅንቅ አትልም። ሟች መጥተው አጠገቧ ቆመው አዩአት፤ ፊታቸው ላይ የታየው ደስታ ታናሽ ልጃቸው በዕድሜዋ አይታው የማታውቀው ነበር። ብረቱን በዝግታ አንስተው ወደ ክፍሉ ዞሩና፣ ይቺ ልጅ ከእንግዲህ ደወል አያስፈልጋትም፣ ትምህርቱ ራሱ ይዟታል ብለው አስጨበጨቡላት። ታናሽ ልጃቸው ግን ከሁለት ወንበር በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበረችና እንቅልፌ ዓይኗን ገልጣ ተኝታ እንደነበር፣ በአፏ ጥግም ምራቅ እንደወረደ በግልጽ አይታለች። ማታ እቤት ይህንኑ ለእናቷ ነገረች። ሟች ደብተር ማረማቸውን ሳያቆሙ ይህ የቅናት ወሬ እንደሆነና ጓደኛን ማማት ነውር እንደሆነ ነገሯት፤ አባቷ ከሰዓቶቻቸው ቀና ብለው ልጅቷ ዋሽታ አታውቅም ቢሉም ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እውነት ተናግሮ ቀናተኛ መባል ምን ያህል እንደሚያንቅ በዚያች ሌሊት ትራሷን ነክሳ ተማረችው።

ዓመታት አለፉ። እንቅልፌ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳትንሸራተት ተምራ ሐኪም ሆነች፤ ያውም በቀዶ ሕክምና ክፍል ታማሚዎችን በማደንዘዣ የምታስተኛ ሐኪም፤ ሟች ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ስቀው አይጠግቡም ነበር። የምረቃ ፎቶዋ ሳሎናቸው ውስጥ ከመስኮቱ ትይዩ ተሰቀለ። የታናሽ ልጃቸው የምረቃ ፎቶም ተሰቅሏል፣ ግን የበሩ ክፈፍ ጥላ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፤ እሷም አቧራ ስትጠርግ የእንቅልፌን ፎቶ ከራሷው አሳንሳ ትጠርገው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት፣ ከእናቷ ዓይን በራቀች በመጀመሪያው ወር፣ አንድ ገጽ እንኳ ማንበብ አቃታት። መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፣ ክፍሉም ጸጥ ያለ ነው፤ ቀና ስትል ግን የምትፈልገው ፊት የለም። ለወራት ተንገዳግዳ፣ ልትባረር ጥቂት ሲቀራት፣ እየተሳበች ቆመች፤ ተመርቃም በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠረች፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገረችም።

ሟች የልብ ድካም ሕመም እንዳለባቸው የታወቀው ባለፈው ዓመት ነው። እግራቸው እያበጠ፣ ደረጃ መውጣት እያቃታቸው፣ በመጨረሻም ትራስ ተደራርቦላቸው ካልተቀመጡ መተንፈስ እየተሳናቸው ሄደ። ታናሽ ልጃቸው ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አስታመመቻቸው፤ መድኃኒታቸውን የምትሰጥ፣ ገላቸውን የምታጥብ፣ ሌሊት የምትነሳ እሷ ነበረች። እንቅልፌ ግን በሳምንት አንድ ቀን ከሆስፒታል መልስ ብቅ ስትል፣ በሽተኛዋ ራሳቸው ትራሳቸውን አስተካክለው ይጠብቋት፣ ሳምንቱን ሙሉ የጠፋ ሳቃቸውም ከደረታቸው ይወጣ ነበር። ልጃቸው ሻዩን አቅርባ ወደ ጓዳ ስትመለስ ያንን ሳቅ ከግድግዳው ማዶ ትሰማዋለች፤ ሰሃን አጠብኩ እያለች ሰሃን ታጋጫለች።

ከነዚያ ቀናት በአንዱ፣ ልጃቸው መድኃኒት ይዛ በራፉ ላይ እንደደረሰች፣ እንቅልፌ አንገቷን ደፍታ ስትናገር ሰማቻት።

«ቲቸር፣ ደወሉን የረሳሁ ቀን እኮ ተኝቼ ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«ያስጨበጨቡልኝን ቀን። መጽሐፉ ይዞኝ አይደለም፤ ዓይኔን ገልጬ መተኛት አውቅበት ነበር።»

ሟች አዩአትና በሳቅ ተንፈራፈሩ፤ ሳቁ ሳል ሆኖ ትንፋሻቸው እስኪያጥር ሳቁ፤ ከዚያም እንባቸውን እየጠረጉ፣ ታዲያ እንዴት እዚህ ደረስሽ ብለው ጠየቋት።

«ምን ላድርግ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት ትምህርት ይዟታል ብለው ነበር። ያሉት ውሸት እንዳይሆንብዎ ስል ማጥናት ጀመርኩ። በኋላ ግን የእውነት ያዘኝ።»

ሟች በራፉ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን በዚያን ጊዜ አዩአት። ይቺ ልጄ ነግራኝ ነበር፣ ቅናት ነው ብዬ አባረርኳት አሉ፤ ሳቃቸውም ወዲያው ከፊታቸው ወረደ።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ልጃቸውን አልጋው ጫፍ ላይ እንድትቀመጥ አደረጓት። ታናሽ ልጃቸው በሆዷ የኖረውን ጥያቄ ያን ዕለት አወጣችው፤ ደወሉ ለሁሉ ደርሶ ለሷ ብቻ ለምን እንዳልደረሳት ጠየቀች። ሟችም እያረፉ እያረፉ መለሱላት። አባታቸው የቁልፉን ቆርቆሮ ሲያነሱባቸው ታላቅ ሰው የሆኑ መስሏቸው እንደነበር፣ ልጃቸውም ከመጀመሪያው በራሷ ፍላጎት የምታነብ ስለመሰላቸው ያው ኩራት እንደሚሰማት አስበው እንደነበር ነገሯት።

«በራሷ እግር የምትሄደውን ልጅ ብገፋት ትወድቃለች ብዬ ፈራሁ» አሏት። «አንቺ ደወል አስፈልጎሽ አያውቅም ብዬ።»

«አስፈልጎኝ ነበር እማዬ። ቀና ብለሽ እንድታዪኝ ነበር የማነበው።»

 ከመስኮቱ ውጪ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች እየተጯጯሁ አለፉ፤ ሟች ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ። ዕድሜ ልካቸውን የልጅን ልብ ከፊቱ ሲያነቡ የኖሩ ሰው፣ ሁለት ልጆችን በአንድ ክፍል ውስጥ አገላብጠው እንዳነበቡ፣ የተኛችውን የነቃች፣ የተራበችውን የጠገበች አድርገው እንዳዩ ያን ጊዜ የገባቸው ይመስላል።

«አሁን ጎበዝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?»

«አላምንሽም።»

«እንግዲያው ዘግይቻለሁ» አሉ ሟች። ከዚያም «አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ይህን ጠይቀዋት አያውቁም ነበር። ልጃቸው መጽሐፉን ከጓዳ አምጥታ ካቆመችበት ገጽ ጀምራ አነበበችላቸው፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ከምሳ መልስ አነበበችላቸው፤ ሟችም አንዳንዴ ያስቆሟትና ይከራከሯታል፣ አንዳንዴ አንዱን አንቀጽ ያስደግሟታል፣ አንዳንዴም እንደዚያች ተማሪያቸው ዓይናቸውን ገልጠው ይተኛሉ፤ ልጃቸውም መተኛታቸውን እያወቀች ንባቧን አታቋርጥም ነበር። ብቻዋን ስትሆንም፣ ከምሽቱ መድኃኒት በኋላ፣ የነገውን ገጽ ለራሷ ቀድማ ስታነብ ራሷን አገኘችው፤ ቀና ብላ ማንንም አትፈልግም ነበር።

በእሳቸው ቦታ የተተካችው ወጣት መምህርት ልትጠይቃቸው መጥታ ክፍሉን እንዴት እንደምትይዘው ምክር ስትለምናቸው፣ ልጃቸው ባለችበት እንዲህ አሏት፤ «የማይፈልገውን ልጅ ሸልሚው፤ መፈለግ ሲጀምር ሽልማቱን ቀስ ብለሽ አንሺው። ዝም ብሎ የሚያነበውን ግን አትዝለዪው፤ አጠገቡ ተቀመጪና ምን እያነበበ እንደሆነ ጠይቂው።» ወጣቷ መምህርት ይህን ሰምታ ሄደች። ሟች ስለ ሥራቸው የሰጡት የመጨረሻ ምክር ይኸው ነው።

ሕመማቸው ከቀን ወደ ቀን እየበረታ ሄዶ፣ ሐኪሞች የሚችሉትን ሁሉ አድርገውላቸው፣ ከትናንት በስቲያ ጠዋት ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘዋቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸው በአልጋቸው ግራና ቀኝ ቆመው ሳሉ፣ ሳይጨነቁ ዐረፉ። ያስተማሯቸው ልጆች፣ ሽበት ያወጡትም ጭምር፣ ከየሥራቸው እየመጡ ግቢውን ሞሉት፤ ደወል ደዋይ ነበርኩ የማይል አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ልጃቸው በሐዘኗ ላይ የድሮው ቅናት ተጨመረባት።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሐዘንተኛው ጥቂት ጋብ ሲል፣ ልጃቸው ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ቧንቧ ሥር ብርጭቆ ታጥብ ነበር፤ እንቅልፌ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለችና የታጠበውን በጨርቅ ማድረቅ ጀመረች። የሕይወት ታሪኩን የምትጽፈው እሷ እንደሆነች ሰምታ ኖሯል። ብዙ ካቅማማች በኋላ፣ ከልጆቻቸው ጋር ብትጽፊኝ ቅር ይልሻል ብላ ጠየቀቻት። ልጃቸው ፎቶው፣ ጭብጨባው፣ ሳቁ ሳያንስ ደግሞ የእናቷ ልጅነቷን ልትወስድባት ነው ብላ ተቃጠለች። እንቅልፌ ግን መልስ ሳትጠብቅ፣ ብርጭቆውን እያዟዟረች፣ የቀረውን ተናገረች።

«ማታ ማታ ከትምህርት ቤት ስትወጡ እጇን ይዘውሽ ትሄዱ ነበር» አለች፤ ተሳስታ እንደተናገረች ገብቷት ፈገግ አለችና ደገመችው። «እጅሽን ይዘውሽ። እኔ የዳቦ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከዓይኔ እስክትጠፉ አያችሁ ነበር። ደወሉን ደውዬ እንኳ አንቺን አልሆንኩም።»

ልጃቸው ብርጭቆውን አጥባ ጨረሰች፤ ወደ ቤት ገብታ ይህን ጽሑፍ መጻፍ ጀመረች፤ ልደቱንም፣ ትምህርቱንም፣ ሥራውንም፣ ትዳሩንም ሳትቸገር ጻፈች፤ እዚህ የመጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ሟች ትተዋቸው የሄዱት የሚዘረዘሩበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ብዕሯን አስቀመጠች። ወንድሟን ጠየቀችው፤ እንደሚመስላት ታድርግ አለ። አባቷን ጠየቀቻቸው፤ እሳቸው ሰዓት እንጂ ሰው መጠገን እንደማያውቁ ነግረዋት ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት።

ሁሉን የፈጠረ አምላክ፣ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ የሚያውቅ፣ የማንንም ልብ አሳስቶ የማያነብ እሱ፣ የመምህርታችንን ነፍስ ድካም በሌለበት ማረፊያ ያኑርልን፤ እኛንም መጽናናቱን ይስጠን። ሐዘናችንን ለመካፈል ከሩቅም ከቅርብም ለመጣችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ሟች ባለቤታቸውን ሰዓት ሠሪውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ሦስት ልጆቻቸውንም ትተው ሄደዋል፤ አንደኛው መካኒክ ነው፣ አንደኛዋ ታማሚ የምታስተኛ ሐኪም ናት፣ አንደኛዋ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራለች። ይህን የጻፈችው ልጃቸው ሦስት ብላ ስትጽፍ ቅናቷ ለቅቋት እንዳልነበረ፣ ዛሬም እንዳልለቀቃት መታወቅ አለበት፤ ቢሆንም ወስና ጻፈችው። ከዚህ ሌላ ሟች እጅግ ብዙ ተማሪዎችን ትተዋል፤ ስማቸውን ሁሉ መዘርዘር ስለማይቻል አንዷ ብቻ ተጠቅሳለች፤ እሷም የፊት ወንበሯ ተማሪያቸው፣ ታናሽ ልጃቸው ናት።